ሳይታመም የተጠየቀው ሞተር

ሰው ከሰው የሚገናኘው ሲፈላለግ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔና ባላምባራስ አካለ ወልድ እስከ ዕለተ ሞታችን ባልተገናኘን ነበር። እኔ እሳቸውን አልፈልግም፤ እሳቸውም እኔ መኖሬን የሚያስታውሱት ጭነት የሚያነሣ ሰው ሲጠፋ ነው። በልጃቸው ሠርግ ዕለት፣ ዳዊት ደግሜ ቅኔ ቤት ደጅ የጠናሁትን ሰው፣ «አበረ፣ አንተ እዚያው በሩ ላይ ከአህያ ነጂዎቹ ጋር ቅመስ» ያሉኝን አልረሳሁትም። ወጡ መልካም ነበር፤ በር ላይ ግን ምን ይጥማል?

መንገድ ግን የሰው ቂም አያውቅም። በ፲፱፻፴፪ ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት በገባ ሰሞን፣ ጣሊያን ከተማውንና መንገዱን፣ አርበኛው ጫካውንና ገደሉን ይዘው አገር ለሁለት በተከፈለበት ዘመን፣ ከቁይ ገበያ ስመለስ ሉማሜ መግቢያ ላይ ከአንድ ግራር ሥር ሞተር ብስክሌት ቆሞ አየሁ። ሽማግሌው ባላምባራስ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ሙቀት እንዳነሣው ሕፃን ሞተሩን ያራግቡታል።

ይህን ሞተር ሉማሜ የማያውቀው የለም። ከጦርነቱ በፊት በአገሩ ይነግድ የነበረ አንድ አርመን፣ ጣሊያን ሲገባ ሲሸሽ፣ «አደራ ባላምባራስ፣ እስክመለስ እንደ ልጅዎ ይዩልኝ» ብሎ ትቶላቸው የሄደ ነው። በጎኑ ሰው የሚቀመጥበት ባለ አንድ ጎማ ቅርጫት አለው። ያን ጊዜም አሮጌ ነበር። ጣሊያኖቹ ሊወርሱት መጡ፤ ዞረው አዩት፤ ሳቁና የመንገድ ወረቀት ጽፈው ትተውላቸው ሄዱ። ባላምባራስ ያንን ሳቅ እንደ ክብር ይቆጥሩታል። እኔ ብሆን እንደተሳቀብኝ ዐውቅ ነበር።

«ምን ሆነ፣ ባላምባራስ?» አልኋቸው። ቂምም ቢሆን ሰላምታን አያስቀርም።

«ምንም አልሆነ። ደክሞታል።»

«ብረት ይደክማል እንዴ?»

«አንተ ደግሞ! ከደብረ ማርቆስ ጀምሮ ሲያጓራ መጥቶ አይደክመው? በቅሎ እንኳ ዳገት ስትወጣ ታስተነፍሳታለህ። ይህም ጥላ ውስጥ ጥቂት ቆይቶ ይነሣል። ዘንድሮ ጠባዩ እንደዚሁ ነው።» ጋቢውን አጣጥፈው ኮርቻው ላይ አኖሩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የጣሊያኑን የዓይን ሐኪም አነጋግሬ መምጣቴ ነው። ወለቴን ሐሙስ ካስገባኋት ዐርብ ጠዋት ዓይኗን እከፍትላታለሁ ብሎኛል። ከዚያ በኋላ ወደ ጎንደር ይዛወራል አሉ።»

የባላምባራስ ባለቤት ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ዓይናቸው ከተጋረደ ሦስት ዓመቱ ነው። ብርሃንና ጨለማ ይለያሉ፤ ሰው ግን አይለዩም። በበቅሎ እንዳይሄዱ ወገባቸው ተሰብሮ የገጠመ ነው፤ ኮርቻ አይችልም። በቃሬዛ እንዳይሄዱ፣ በዚያ ዘመን ቃሬዛ ተሸክሞ በመኪና መንገድ የሚሄድ ሰው ሁሉ ቁስለኛ አርበኛ ደብቋል ተብሎ ይፈተሻል፤ ይተኮስበታልም። የቀራቸው ያ ቅርጫት ነበር። እሱም ቢሆን መንገድ መሀል የቆመ እንደሆነ ጉድ ነው። የጣሊያን ጠባቂ የመጣ እንደሆነ «ለሽፍታ መልእክት የምታደርስ ነህ» ይላል፤ አርበኛ የመጣ እንደሆነ «የባንዳ ሞተር ነው» ይላል።

ይህን ስንነጋገር ሙሐመድሳኒ ጥላውን ዘርግቶ በዚያው መንገድ መጣ። ሙሐመድሳኒ የነጋዴው የአብዱልዋሂድ ልጅ ነው። ከጦርነቱ በፊት አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ገብቶ ፈረንሳይኛ ተምሯል፤ ኋላም በአንድ የመኪና ማደሻ ቤት ሠርቷል። ጦርነቱ ሲመጣ ወደ አባቱ ሱቅ ተመለሰ። ተምረው የተመለሱ ልጆች ብዙ ጊዜ ደረታቸውን ነፍተው ነው የሚመለሱት፤ እኔም ደኅና አድርጌ ዐውቃቸዋለሁ። ይህ ልጅ ግን ጥላውን አጥፎ፣ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«እንደምን ዋሉ፣ ባላምባራስ? እንደምን ዋሉ፣ አቶ አበረ?»

በሉማሜ አቶ ብሎ የሚጠራኝ ይህ ልጅ ብቻ ነው።

«ባላምባራስ» አለ ሞተሩን ከሩቅ እያየ፣ «ይህች ከፊተኛው ፋና ጀርባ ያለችው ቀይ መብራት ሲነዱ ትጠፋለች ወይስ ትበራለች?»

ባላምባራስ ፊታቸው ፈካ። «ምን ቆርጧት ትጠፋለች! አርመኑ ሲነዳው ገና ከመነሣቱ ድርግም ትልበት ነበር። እኔም እጅ እያለች ሰነፍ ነበረች። ከፋሲካ ወዲህ ግን እንደ መቅደስ መብራት ናት፤ አንድ ቀንም ጠፍታ አታውቅ። ነፋስ እንዳያገኛት ብዬ ጨርቅ ሸፍኜላታለሁ።»

ልጁ ከንፈሩን ነከሰ። ሽማግሌው ሞተሩን በእግራቸው መቱት። አስነጠሰ፤ ሁለተኛ ሲመቱት ተነሣ።

«አላልኋችሁም? ዐረፈ፣ ተነሣ!» አሉና እንደ ድል አድራጊ ወደ ሰፈር ነዱት። እኛም ሁለታችን በእግር ተከተልናቸው፤ ልጁ «እንዲህ ሆኖ ሐሙስን አይደርስም» እያለ፣ እኔም ውስጥ ውስጡን «ይበላቸው» እያልሁ።

ግቢያቸው ስንደርስ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ለመፍተል ጣት እንጂ ዓይን አያሻም።

«ሞተሩ ዛሬ ያስለዋል» አሉ፣ እንዝርቱን ሳያቆሙ።

«መንገድ ነው፣ ወለቴ፤ አቧራ ነው።»

«የአቧራ ሳል አይደለም። የረኀብ ሳል ነው።»

ሙሐመድሳኒ ይህን ሲሰማ ፈገግ አለ። ለእኔ ጠላ፣ ለእሱ ብርዝ ቀረበ። ልጁም ብርዙን ቀመስ አድርጎ እንዲህ ሲል ጀመረ።

«ባላምባራስ፣ ልጅነቴን ይቅር ብለው ይስሙኝ። እማማ እንዳሉት ነው፤ ሞተሩ ተርቧል። በውስጡ ባትሪ የሚሉት አለ፤ እሱን ጎተራ ይበሉት። ዲናሞ የሚሉትም አለ፤ እሱን አራሽ ይበሉት። ሞተሩ ሲዞር አራሹ እያመረተ ጎተራውን ይሞላል። ካንዴላው የሚጭረው እሳት ከጎተራው እየተቆነጠረ ነው። ቀይዋ መብራት ደግሞ የጎተራ ጠባቂ ናት። አራሹ ሥራ ላይ ሲሆን ጥግ ይዛ ትተኛለች፤ አራሹ የሰነፈ ዕለት ተነሥታ ትጮኻለች።»

«እና አሁን ትጮኻለች ነው የምትለኝ?»

«ከፋሲካ ጀምሮ እየጮኸች ነው።»

«እኔ ደግሞ እየዘመረች መስሎኝ!» አሉና ባላምባራስ ሳቁ። ሳቃቸው ግን ወዲያው ቆመ። «ቆይ፣ አንተ ልጅ። አራሹ ከፋሲካ ጀምሮ ከተኛ፣ ይህ ሞተር ዛሬ ከደብረ ማርቆስ በምን መጣ?»

«በዐምናው እህል ነዋ! ሲያልቅበት ከግራሩ ሥር ቆመ። ሲያርፍ ጊዜ ከጎተራው ጥግ የቀረችውን ጠራርጎ ተነሣ። ሐሙስ ግን ጥጉም ባዶ ይሆናል።»

ባላምባራስ ጢማቸውን ይዘው ቆዩ። ሞኝ ሰው አይደሉም፤ ይህን እኔም ሳልወድ እመሰክራለሁ።

«ልጄ፣ አነጋገርህ ያምራል። ነገር ግን የቆመ ቤት ምሰሶው አይነቀልም። ሲሄድ የዋለን ነገር ፈትቶ ማየት ሟርት ነው። አባቶቻችን ጤነኛ ሰው ፊት የመድኃኒት ስም አያነሡም፤ በሽታው ስሙን ሰምቶ ይመጣል ብለው።»

«ክረምት ሲቃረብ የቤትዎን ክዳን የሚያስጠግኑት ካፈሰሰ በኋላ ነው ወይስ ሳያፈስ?»

«ሳያፈስ ነው እንጂ።»

«ታዲያ በቤትዎ ላይ አሟረቱበት ማለት ነው?»

ወይዘሮ ወለተ ሰንበት በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ባላምባራስ ግን አልተሸነፉም።

«ክዳን ሣር ነው፤ እጄ ያውቀዋል። የበቅሎዬንም ጀርባ ሳትቆስል አያለሁ፤ እሷም ሲነካት ትራገጣለች፣ ትናገራለች። ይህ ብረት ግን የሰው ነው፣ አደራ ነው። በእጄ እንዳለ ቢሞት «ሞተ» ይባላል። ከፍቼው ቢሞት ግን «አካለ ወልድ ገደለው» ነው የሚባል። ለአርመኑ ምን ብዬ እመልሳለሁ?»

እዚህ ላይ እኔ አንባቢን አንድ ነገር ላስገነዝብ። ይህ የባላምባራስ ብቻ ነገር አይደለም፤ የአገራችን ነገር ነው። እጃችንን አጣጥፈን የጠፋው ጥፋት የእግዚአብሔር ነው እንላለን፤ እጃችንን ዘርግተን የጠፋው ግን የእኛ ነው። ስለዚህ እጅ ማጣጠፍ ጨዋነት ሆኖ ቀረ። እኔ ይህን ስናገር «ግማሽ ተማሪ» እባላለሁ፤ ይባል!

ሙሐመድሳኒ ብርዙን አስቀመጠ። «በግ አደራ የተቀበለ ሰው፣ «የሰው ነው አልነካም» ብሎ ሣር ሳያበላው አስሮ ያኖረዋል? አደራ መጠበቅ አለመንካት ነው እንዴ፣ ባላምባራስ?»

ወይዘሮ ወለተ ሰንበት እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አስተኙት።

«እኔም አንድ ነገር ልናገር» አሉ። «መንገድ ላይ ብንቆም አንቱ መጪውን ያያሉ። ፈረስ ይሁን መኪና፣ ወዳጅ ይሁን ጠላት ያያሉ። እኔ እዚያ ቅርጫት ውስጥ የሚመጣው ማን እንደ ሆነ ሳላውቅ ነው የምቀመጠው። ቢገድሉንም የገደለኝን አላየውም። ስለዚህ ይከፈት እላለሁ። ቢሞትም ዛሬ እዚህ፣ ግቢያችን ውስጥ ይሙት።»

ባላምባራስ ተነሡ። ወደ ጓዳ ገብተው አርመኑ የተወላቸውን የመሣሪያ ከረጢት ራሳቸው ይዘው ወጡና ካቻቢቴውን ለሙሐመድሳኒ በሁለት እጃቸው ሰጡት። ለልጅ በሁለት እጅ ሲሰጡ ያን ቀን ገና ማየቴ ነው።

ልጁ የባትሪውን ክዳን ከፈተ። ሽቦው የሚታሰርባቸው ሁለቱ ራሶች ሻጋታ የመሰለ ነጭና አረንጓዴ ነገር ጋግሮባቸዋል። ውስጡን ጎንበስ ብሎ ሲያየው ውሃው ደፍርሶ ዝገት መስሏል።

«ውሃ ይጨምሩበታል?»

«ኧረ እንዴት አልጨምርም! አርመኑ ውሃው እንዳይጎድል ብሎኛል። በየሰንበቱ ከኪዳነ ምሕረት ጠበል እያስቀዳሁ እጨምርበታለሁ» አሉ ባላምባራስ፣ ደስ እያላቸው።

ሙሐመድሳኒ ካቻቢቴውን እንደ ያዘ ቀረ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በጆሮዬ፣ «አቶ አበረ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ እርስዎ ይንገሯቸው። ከእኔ አፍ ሲወጣ ሌላ ይመስላል» አለኝ።

እውነቱን ነው። የእስላም ልጅ በክርስቲያን ሽማግሌ ግቢ ቆሞ ጠበል አበላሸ ቢል፣ በዚያ ክፉ ዘመን፣ ጣሊያን ሃይማኖትን ከሃይማኖት ለማናከስ በሚዶልትበት ዘመን፣ ወሬው ገበያ ሲደርስ ምን መልክ እንደሚይዝ ማን ያውቃል? እኔ ለባላምባራስ ብዬ አፌን አልከፍትም ነበር። ለዚያ ልጅ ስል ከፈትሁ።

«ባላምባራስ፣ ጠበሉ ለዚህ አይሆንም።»

«ምን?»

«ጠበል ለሥጋና ለነፍስ ነው። ይህ ሥጋም የለው፣ ነፍስም የለው።»

«አንተ!» አሉ፣ ደም ሥራቸው ግንባራቸው ላይ ቆሞ። «ቅኔ ቤት ሳትጨርስ ኮብልለህ ወጥተህ፣ ዛሬ ደግሞ ጠበል ነቃፊ ሆንህ? የመምህር አፍ ማን አበደረህ?»

ጠላውን ትቼ ልሄድ ተነሣሁ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት በድምፄ በኩል እጃቸውን ዘርግተው የጋቢዬን ጫፍ ያዙ።

«ተቀመጥ፣ አበረ። እውነቱን ነው የተናገርህ።» ከዚያም ወደ ባላቸው ዞሩ። «ለዓይኔ በተጠመቅሁበት ጊዜ ለብሼው የነበረው ነጭ ቀሚሴ ትዝ ይልዎታል? ዝገት መስሎ ቀርቶ ሠራተኛችን ሥራነሽ ሦስት ጊዜ አጥባው አልለቀቀም። ያ ውሃ ምድር ለምድር ሲመጣ ብረቱንም ጨዉንም ልሶ ነው የሚመጣ። ለእኔ በረከት ነው፤ ጠጥቼው ልቤ ዐርፏል። ቀሚሴን ግን አቀላው። ቀሚሴን ካቀላ ይህን አያቀላም?»

ሙሐመድሳኒ በዚህ ጊዜ ቀስ ብሎ ገባ። «ባትሪ የሚጠጣው ምንም ያልቀመሰ ውሃ ነው፣ ባላምባራስ። ፈረንጆቹ አንጥረው በጠርሙስ ይሸጡታል። እኛ ጋ ግን ዝናብ አለ። መሬት ሳይነካ፣ ቆርቆሮ ሳይነካ፣ በንጹሕ ጨርቅ አልፎ በጠርሙስ የተያዘ የዝናብ ውሃ ይበቃዋል።»

«ዝናብ…» አሉ ባላምባራስ። ወደ ሰማይ ቀና አሉ። «እሱስ ከማን ነው? ቄስ ሳይባርከው ተባርኮ የሚወርድ እሱ አይደል? በል እሺ።» ወደ እኔ ሳያዩ ደግሞ፣ «አንተም ተቀመጥ፤ ጠላህ አላለቀም» አሉኝ። ይቅርታቸው ይኸው ነበር። ከእሳቸው ይህም ብዙ ነው፤ ተቀበልሁት።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ የግንቦት ዝናብ ጣለ። ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ያጠቡትን ነጠላ አወጡ፤ እኔና ባላምባራስ በአራት ቋሚ ላይ ወጥረን፣ መሀሉ ላይ ንጹሕ ጠጠር ጣልንበትና ከሥሩ ጠርሙስ አኖርን። ጠርሙሱ ሲሞላ ሁለታችንም እንደ ራሰ ውሻ ተነክረን ነበር፤ ባላምባራስ ግን ጠርሙሱን በጋቢያቸው ሸፍነው እንደ ቅርስ አስገቡት።

ሙሐመድሳኒ ያን ቀን ሱቁን ዘግቶ ዋለ። መጀመሪያ የባትሪውን ሽቦ ፈታ። በሽቦዎቹ ራስ ላይ የተጋገረውን በአመድ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ሲጠርገው እየፈላ ለቀቀ።

«አመድ?» አሉ ባላምባራስ። «ይህስ የእኛ ነው!»

«የእኛ ነው። ብቻ አንዲት ጠብታ ወደ ውስጥ እንዳትገባ፤ ውስጡ የሚያቃጥል አሲድ ነው፣ አመድ ይገድለዋል። እጅዎንም ያርቁ፤ ጋቢዎን ቢነካው ይበሳዋል።»

ከዚያ ራሶቹን ፍቆ፣ ሽቦውን አጥብቆ አሰረና እርጥበት እንዳይነካው ሰም ቀባው። ቀጥሎ ዲናሞውን ከፈተው። በውስጡ የሚሽከረከረውን መዳብ በሁለት በኩል የሚነኩ ሁለት ትንንሽ ከሰሎች አሉ፤ መብራት የሚወለደው ከዚያ ነው። አንዱ ከሰል ተበልቶ ተበልቶ መዳቡን መንካት ትቷል። መዳቡም በዘይትና በጥላሸት ጠቁሯል።

«አራሹ ይኸውልዎ» አለ። «አልሰነፈም። ማረሻው አልቆበት ነው።»

ባላምባራስ ጎንበስ ብለው ብዙ ጊዜ አዩት። «ምስኪን» አሉ። «ማረሻ ሳይኖረው ከፋሲካ ጀምሮ ሲገፋ።»

ትርፍ ከሰል በሉማሜ ከየት ይመጣል? ሙሐመድሳኒ ከአባቱ ሱቅ ያለቀ የእጅ ባትሪ ድንጋይ አመጣና ሰንጥቆ ከመሀሉ ያለውን ከሰል አወጣ፤ እንደ አሮጌው ልክ እየሞረደ እየለካ አበጀው። «ይህ ለመንገድ ነው። ትክክለኛው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይሠራል፤ ግን ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት» አለ። መዳቡን በቤንዚን በረጠበ ጨርቅ አጠራው። የዝናቡን ውሃ በባትሪው ውስጥ የቆሙትን ሰሌዳዎች እስኪሸፍን ብቻ ጨመረበት። «ጠበሉ ያደረገውን አድርጓል፤ ባትሪው ዕድሜው አጥሯል፤ ግን አራሹ ከነቃ ያደርሰናል» አለ።

ገጠመና «ይምቱት» አለ። ባላምባራስ አማትበው መቱት። ተነሣ። ቀይዋ መብራት በራች። ሙሐመድሳኒ ቤንዚኑን ጥቂት ሲሰጠው መብራቷ ተርገበገበችና ድርግም አለች።

«አጠፋኸው!» ብለው ጮኹ ባላምባራስ። «ወይኔ አደራዬን! ወለቴ፣ ገደለው! በገዛ እጄ ካቻቢቴ ሰጥቼ አስገደልሁት!»

«አባባ፣ አባባ! ይረጋጉ፤ ጠባቂዋ ናት የተኛችው!»

«የጎተራ ጠባቂ ከመቼ ወዲህ ነው የሚተኛ!»

ልጁ በቃል ማስረዳቱን ተወና የፊተኛውን ፋና አበራ። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ፋናው ደብዛዛ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እማማን ወደዚህ ያምጧቸው» አለኝ። እጃቸውን ይዤ ከፋናው ፊት አቆምኋቸው።

«እማማ፣ ከፊትዎ ብርሃን አለ?»

«ጭላንጭል አለ።»

ቤንዚኑን ሰጠው። ሞተሩ አገሣ፤ ፋናው ፏ አለ።

ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉና እጃቸውን ዓይናቸው ላይ ጋረዱ። ዓይኑ የተጋረደበት ሰው ብርሃን በዝቶበት ዓይኑን ሲጋርድ አይቼ አላውቅም። «አሁን በራ!» አሉ። «እሰይ፣ በራ! በቃ፣ በቃ፣ ዝቅ አድርገው።»

ቤንዚኑን ሲቀንስለት ደበዘዘ፤ እሳቸውም «ጠፋ» አሉ። እንደገና ሲሰጠው «መጣ» አሉ። ባላምባራስ አንዴ ፋናውን፣ አንዴ ሚስታቸውን ሲያዩ ቆዩ። የልጁን ምሳሌ ሁሉ ሊከራከሩት ይችሉ ነበር፤ ወለቴ «መጣ» ያለችውን ግን አይከራከሩትም።

«ገባኝ» አሉ በመጨረሻ። «አምኛለሁ። በል፣ ልጄ፣ ከእንግዲህ ምን ላድርግለት? ሳልሞት ንገረኝ።»

«በየሰንበቱ ጠበሉን ሊጨምሩ ይከፍቱት አልነበረም? አሁንም በሰንበትዎ ይክፈቱት። ውሃው ሰሌዳዎቹን ካልሸፈነ የዝናብ ውሃ ይጨምሩ፤ ከሸፈነ ይተዉት። ሽቦውን በጣትዎ ነካ ያድርጉት፤ ከተነቃነቀ ያጥብቁት። ነጩ ሻጋታ ብቅ ካለ በአመድ ውሃ ይጥረጉት።»

«ከሰሉንስ?»

«እሱን በየወሩ እኔ መጥቼ አየዋለሁ።»

«እኔም አያለሁ። ማረሻ ማየት ማን ያስተምረኛል! ቀይዋስ?»

«ሲያስነሡ ትብራ፤ ሲሄዱ ትተኛ። እየሄዱ ከበራች «ደክሞታል» አይበሉ፤ ቁመው ይዩት።»

ሐሙስ ማለዳ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት በቅርጫቱ ውስጥ በጋቢ ተጠቅልለው ተቀመጡ። እኔ ልሰናበት ቆሜ ሳለሁ ባላምባራስ ከኋላቸው ያለውን ቦታ መታ መታ አደረጉት። «ና ውጣ። ኬላ ላይ ወረቀት ሲጠይቁን ፊደል የሚያውቅ ሰው ያሻናል።» ወጣሁ። ሌላ ምን ላድርግ?

የሄድነው በደኅና ነው። በስተ ቀኛችን ጮቄ ጉም ለብሶ አብሮን ይሄዳል። ጨሞጋን ተሻግረን ከተማው ሲቀርብ ኬላው አስቆመን፤ ወታደሩም ሞተሩን አጥፉ አለ። ባላምባራስ የሞተሩን መቆለፊያ አዙረው አጠፉት። ከእኛ በፊት አንድ መኪናው ቆሞበት አልነሣ ያለው ሰው ዳር ተይዞ፣ ጭነቱ እየተበተነ፣ «ለማን ነው የቆምኸው? ማንን ትጠብቃለህ?» እየተባለ በጥፊ ይመታል። የእኛን ወረቀት አገላበጡ፤ ቅርጫቱን በረበሩ፤ ከወይዘሮ ወለተ ሰንበት እግር ሥር የነበረውን ስንቅ ፈቱ። ፍተሻው ረዘመ። ሰውዬው ሲመታ ይሰማል።

«ማነው የሚመታው?» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት በሹክሹክታ።

ኋላ ወታደሩ «ቪያ!»፣ ሂዱ፣ ብሎ እጁን አወናጨፈ። ባላምባራስ ሞተሩን መቱት። በመጀመሪያው ምት ተነሣ። ጥቂት እንደ ሄድን ትከሻቸው ሲርገበገብ በደረቴ ተሰማኝ፤ ሳቅ መስሎኝ ነበር። ሳቅ አልነበረም።

ዐርብ ሐኪሙ የወይዘሮ ወለተ ሰንበትን ዓይን ሠራ። ከጠላት ጋር የመጣ ሰው ነው፤ እጁ ግን የጠላት እጅ አልነበረም። ሁለቱም ዓይናቸው በፋሻ ታስሮ፣ ሳይነቃነቁ በጀርባቸው እንዲተኙ አዘዘ። እኛም ሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሌሎች አስታማሚዎች ጋር ሰነበትን። ባላምባራስ ሰንበት ሲሆን ቅዳሴ አስቀድሰው መጥተው፣ ጠርሙሳቸውን አውጥተው የባትሪውን ክዳን ሲከፍቱ፣ ከደምበጫ አባታቸውን ሊያስታምሙ የመጡ አቶ ገብረ ኪዳን የሚባሉ ሰው ጠጋ አሉ።

«ተበላሸብዎት?»

«አልተበላሸም። እየጠየቅሁት ነው።»

«ሳይታመም?»

«ሳይታመም ነው እንጂ መጠየቅ!» አሉ ባላምባራስ፣ ገና ከስድስት ቀን በፊት ሟርት ነው ያሉት ሰው። «ሲታመም የሚጠይቅማ ሁሉም ነው። አየህ ወንድሜ፣ እኔ ይህን ከፍቶ ማየት መድፈር ይመስለኝ ነበር። አንድ ልጅ አስተማረኝ። ጥቂት ውሃና ጥቂት አመድ፣ የምትወጣው ይህችው ናት። ያተረፍሁት ግን መንገድ ላይ አልቆምሁም፤ ጥፊ አልቀመስሁም፤ አደራዬን አልበላሁም፤ ሚስቴን በቀኗ አደረስኋት። አንተ ምን አለህ?»

«ኧረ እኔ ሞተር የለኝም። ወፍጮ ነው ያለኝ።»

«ወፍጮስ ቢሆን ድንጋዩን የምታስወቅረው ጨርሶ መፍጨት ሲያቅተው ነው?»

አቶ ገብረ ኪዳን ራሳቸውን አከኩ። «አዎ፣ እንዲያ ነበር የማደርገው።»

«ተው። ግባና እየው።»

እኔ ዳር ተቀምጬ ስሰማ፣ እሳቸው በሚናገሩት ሁሉ ውስጥ የሙሐመድሳኒን ቃል ለየሁ። «አንድ ልጅ አስተማረኝ» ማለታቸውን ግን ወደድሁላቸው። ትልልቅ ሰዎች የተማሩትን ከራሳቸው እንደ ፈለቀ አድርገው ሲናገሩ ኖሬ፣ ያስተማረውን ሲያነሡ የሰማሁት ጥቂት ነው። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ቤትህ ውስጥ የምትገለገልበት ነገር ካለ፣ ከሚቆምበት ቀን ቀድመህ ክፈተው። የሚያውቅ ሰው ጠይቅ፤ ከአንተ ቢያንስም ጠይቅ። ዝም ብሎ የሚያገለግልህን ነገር ዝምታውን እንደ ጤና አትቁጠርበት።

ፋሻው የተፈታ ዕለት ባላምባራስ ጋቢያቸውን አጥበው፣ ጢማቸውን ተስተካክለው ከአልጋው አጠገብ ቆሙ። ሐኪሙ ወፍራም መነጽር አምጥቶ ለወይዘሮ ወለተ ሰንበት አደረገላቸው። እሳቸውም መጀመሪያ መስኮቱን አዩ። ከዚያ እጃቸውን አዩ፤ አገላብጠው። ከዚያ ወደ ባላቸው ዞረው፣ ብዙ ጊዜ፣ በጣም ብዙ ጊዜ አዩአቸው። ባላምባራስ ተንቀሳቅሰው የሚያበላሹት ነገር ያለ ይመስል እንደ ሐውልት ቆመዋል።

በሰው ፊት አንቱ እንጂ ሌላ የማይሏቸው ሴት ያን ዕለት ሰው መኖሩን ረሱ።

«አካሌ» አሉ፣ ጉንጫቸውን እየዳሰሱ፣ «እንዲህ አርጅተሃል? እኔ ሳላይህ ማን አስረጀህ?»